በየብስ የመጣ ጀልባ

ጎጃም ውሃ የከበበው አገር ነው። በሰሜን ጣና አለ፤ ከጣና የሚወጣው አባይ ደግሞ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ጠምዝዞ ያልፋል። እንዲህም ሆኖ የጎጃም ደጋ ሰው የእግርና የበቅሎ መንገድ እንጂ የመርከብ ታሪክ የለውም። ደጀን ከተማ ጫፍ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ምክንያቱን ማንንም አይጠይቅም። ወንዙ ከደጋው ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በቋጥኝ መሀል ይጓዛል። ለጎጃሜ አባይ አጥር ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ አጥር ነው።

እዚህ አገር ስለ ጀልባ፣ ያውም በባትሪ ስለሚሄድ ጀልባ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። የጎጃምን የጀልባ ታሪክ ከሥሩ ለተከተለ ግን አንድ ነገር እየተደጋገመ ይመጣል። ከደንገል ታንኳ በቀር እዚህ ውሃ ላይ የተንሳፈፈው ሁሉ በየብስ ተጭኖ የመጣ ነው፤ የሚጠጣው ነዳጅም እንደዚያው። ከዚሁ ውሃ የሚወለደው ጉልበት ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ኤሌክትሪክና ጀልባ ደግሞ ጣና ላይ ለረጅም ጊዜ ባዳ፣ አንድ ሰሞንም ባላንጣ ሆነው ኖረዋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ከዛሬዋ ደብረ ማርቆስ ብዙም የማይርቀው የባሶ ገበያ የታወቀ ነበር። ከአባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። እንግሊዛዊው ቻርለስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ የጁቤ ተቀምጦ የነጋዴውን መንገድና የገበያውን ዋጋ ሲመዘግብ የኖረው ለዚሁ ነው። ነጋዴው አባይን የሚሻገረው በጀልባ አልነበረም። ዕቃው በቆዳ ይጠቀለላል፣ ዋናተኛ ይገፋዋል፣ ወይም በአየር የተነፋ ቆዳ ታቅፎ ራሱን ለውሃው ይሰጣል፤ አዞውን ማስፈራራት የሌላ ሰው ሥራ ነው። ክረምት ሲገባ መሻገሪያው ይዘጋል፤ ውሃው ጎድሎ በጋ እስኪሆን ማዶና ማዶ የቀረ ሰው ባለበት ይቆያል።

ቢክ ጎጃም ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1838፣ ሞሪትዝ ያኮቢ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በሩሲያው ዛር ገንዘብ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ኔቫ ወንዝ ላይ አንዲት ጀልባ አስነሳ። አንድ ደርዘን የሚያህል ሰው ይዛ በባትሪ ጉልበት ወንዙን ወጣች። በባትሪ የሄደች የመጀመሪያዋ ጀልባ ይህች ናት ቢባል ስህተት አይሆንም። ፍጥነቷ ከመደበኛ ቀዛፊ አይሻልም ነበር። ባትሪው ደግሞ እንደ ዛሬው ተመልሶ የሚሞላ አልነበረም፤ ዚንኩን አሲድ በልቶ ሲጨርሰው ሌላ ዚንክ መግዛት ነው። ሐሳቡ ለጊዜው እዚያው ቀረ። ተመልሶ የሚሞላውን የእርሳስ ባትሪ ጋስቶን ፕላንቴ ፈረንሳይ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው፤ ዛሬ በየመኪናው ኮፈን ሥር ያለው የዚያው ዘር ነው።

በእኛ በኩል በዚያው ዘመን ስለ ጀልባ አጥብቀው ያሰቡት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1858 ዓ.ም. ጣና ዳር ቆራጣ ሰፍረው ሳለ የእንፋሎት መርከብ የሚመስል ነገር ለማሠራት ሞክረው ነበር። ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደጻፈው፣ በትልልቅ የደንገል ጀልባዎች ላይ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ተገጠመ። ንጉሠ ነገሥቱ የመርከቡን ቅርጽ አግኝተውታል፤ ያጡት ጉልበቱን ነው። መንኮራኩሩን የሚያዞር ክንድ እንጂ ሌላ አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላም ነገሩ ሁሉ መቅደላ ላይ አበቃ።

ቴዎድሮስ መሠረት ያደረጓት ታንኳ ራሷ ግን ልትናቅ የማትገባ ዕቃ ናት። የሐይቁ ዳር ደንገል ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሚስማር የላትም፣ ቅጥራን አያስፈልጋትም። ውሃ ያስገባሉ እንጂ አይሰጥሙም የሚባሉት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ የምትንሳፈፈው ውሃ ስለማይገባባት ሳይሆን ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው። ስለዚህ ጫኚው ከወለሏ ላይ ሌላ ደንገል ደልድሎ ጭነቱን ከፍ ያደርጋል፤ ቀዛፊውም እዚያ ላይ ይቀመጣል። ማታ ከውሃ ወጥታ ዳር ላይ ቀጥ ብላ ትቆምና ውሃዋን ታንጠፈጥፋለች። ጥቂት ወራት አገልግላ ስትበሰብስ ሌላ ትታሰራለች። የዘጌን ማገዶ ባሕር ዳር ያደረሰች፣ መነኮሳትን ወደ ክብራንና ወደ ዳጋ ደሴቶች ያመላለሰች፣ የወይጦ ማኅበረሰብ ልጅ ከአባቱ የተማራት ጥበብ ይህች ናት። አካሏም፣ የሚገፋት ጉልበትም ከዚሁ ከሐይቁ ዳር ነው። ከእርሷ በኋላ የመጣ አንድም ጀልባ ይህን ማለት አልቻለም።

እ.ኤ.አ. በ1881 ራስ አዳል ተሰማ በዐፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ጭነው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ መንቆረር የነበረችው መናገሻቸውም ደብረ ማርቆስ ተባለች። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ጉስታቭ ትሩቬ የተባለ ፈረንሳዊ ፓሪስ ላይ፣ በሴን ወንዝ፣ ከጀልባ ኋላ ተነቅሎ ተመልሶ የሚሰካ የኤሌክትሪክ ሞተር ሞከረ። መሪውና ፕሮፔለሩ አንድ ላይ ናቸው፤ ባለቤቱ ማታ ነቅሎ ቤቱ ይዞት ሊገባ ይችላል። ንጉሡ በተከታዩ ዓመት ሠራዊታቸውን ይዘው አባይን ተሻግረው እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋጉ፣ ተሸነፉም። ያ ሁሉ ጦር፣ ያ ሁሉ ፈረስና በቅሎ አባይን ያለ አንዲት ጀልባ ነው የተሻገረው።

የኤሌክትሪክ ጀልባ ወርቃማ ዘመን የሚባል ካለ ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ዓመታት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን 55 የኤሌክትሪክ ጀልባዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አመላለሱ። ጭስ የላቸውም፣ ፈንድቶ ሰው የሚፈጅ የእንፋሎት ጋን የላቸውም። ሆኖም አልዘለቁም። አንድ ኪሎ ቤንዚን የያዘውን ጉልበት ለመያዝ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ የእርሳስ ባትሪ ያስፈልግ ነበር፤ ቤንዚን ሞተር ተሻሽሎ በረከሰ ጊዜ ክርክሩ አለቀ። ባትሪው ወደ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ሆድ ገባ፤ እዚያ አየር ስለሌለ ቤንዚንም ናፍጣም ሊተካው አልቻለም። እንደ ጀርመኑ ኬኒግስ ሐይቅ ያሉ፣ ጸጥታቸው እንዳይደፈርስ የተፈለገ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ከ1909 ጀምሮ እስከ ዛሬ በኤሌክትሪክ ጀልባ ጸኑ።

ወደ ጎጃም እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ አባይን በጀልባ እስከ ሱዳን እወርዳለሁ ብሎ ተነሣ። የብረት ጀልባዎቹ ተበታትነው በጭነት እንስሳት ጀርባ መጡ፣ ገደል ወረዱ፣ ወንዙ ዳር ተገጣጠሙ። ጉዞው ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳይገፋ ቋጥኙ ሰባበራቸው። ባሕር አቋርጦ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ደጋ ወጥቶ፣ ገደል ወርዶ መጥቶ ውሃ ላይ የጥቂት ኪሎ ሜትር ዕድሜ! ከዚህ ወዲህ ስለ አባይ የሚታሰበው ጉዳይ መርከብ መሆኑ ቀርቶ ግድብ ሆነ። እንግሊዞች ለሱዳን ጥጥ የጣናን አፍ መገደብ ይመኙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ዳንግላ ቆንስል ሆኖ የመጣው ሻለቃ ቺስማን ሐይቁንና የወንዙን ገደል ዙሪያውን ለዓመታት ሲለካ ኖሮ በ1936 መጽሐፉን አሳተመ። የጣናን ደሴቶች የዞረው በታንኳ ነው።

የሞተር ድምፅ በጣና ላይ የተለመደው ጣሊያን ከገባ በኋላ ነው። ጎርጎራ ላይ ወደብ ተሠራ፤ ናቪጋጣና የሚባል የጀልባ አገልግሎት ተቋቋመ። በጎጃም በኩል አርበኛው አባይ በረሃን ምሽግ አድርጎት ስለነበር ጣሊያን ሐይቁን የፈለገበት ምክንያት አይጠፋም፤ ውሃ ላይ ሽምቅ ተዋጊ አያደባም። ሞጣ አቅራቢያ ያለው የፋሲል ዘመን ድልድይ ሰባራ ድልድይ የሚለውን ስሙን ያገኘው ያን ጊዜ ነው፤ ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች ወገቡን ቆረጡት። ጣሊያን ወጥቶ ጀልባው ቀረ። አገልግሎቱ በኋላ የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ሆኖ ባሕር ዳርን ከዘጌ፣ ከደቅ፣ ከቁንዝላና ከጎርጎራ አገናኘ። ለብዙ ዓመታት ትልቋ ጀልባ እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር ተነሥታ ቁንዝላ ታድርና ሰኞ ጎርጎራ ትገባ ነበር። የአቸፈር ገበሬ በግና ጤፍ፣ የደቅ ሰው በሽተኛ፣ መነኩሴው የዓመት ቀለብ ይዞ የሚሳፈረው በእርሷ ነው።

ነዳጇ ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከጅቡቲ ይመጣል። በሚሌና በወልዲያ ቢመጣም፣ በአዲስ አበባ ዞሮ የአባይን በረሃ ወርዶ በደጀንና በደብረ ማርቆስ ቢመጣም ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ቦቴ መኪናው ራሱ የሚያቃጥለውን ሳንቆጥር ማለት ነው። ደርሶም ቢሆን እዚህ ከፍታ ላይ ሙሉ አቅሙን አይሰጥም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ሐይቁ ላይ ሲደርስ ከስድስት ፈረስ አንዱ ቀርቷል እንደማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ የኤሌክትሪክ ሞተር አቅም አይቀንስም፣ የሚተነፍሰው ነገር የለውምና። ይህ ነጥብ ስለ ባትሪ ጀልባ በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ አይነሳም፤ ጸሐፊዎቹ ባሕር ዳርቻ ስለሚኖሩ ይመስለኛል።

ኤሌክትሪክ ከአባይ መምጣት የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው። የጢስ አባይ አንደኛ ጣቢያ በ11.4 ሜጋዋት አቅሙ የባሕር ዳርን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ከተማዋን መመገብ ጀመረ። ቀጥሎ በ1960 ክረምት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥያቄ፣ ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው የእንግሊዝ ጦር ሰዎችና የኢትዮጵያውያን ቡድን በአየር በሚነፉ ጀልባዎችና በሞተር ጀልባዎች አባይን ወረደ። ማክሚላን ያልቻለውን ብዙውን ክፍል አለፉት፤ አንድ ሰው ግን ከገባር ወንዞቹ በአንዱ ሰጥሞ ሞተ። ከዚያ በኋላ አባይ በረሃ ውስጥ ስለሚመላለስ ጀልባ የተናገረ ሰው የለም። የጀልባው ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ጣና ላይ ተጠቃለለ።

እዚያ ነው ጠቡ የመጣው። በ1988 ዓ.ም. አባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ሥራ ጀመረ። በ1993 ደግሞ 73 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጢስ አባይ ሁለተኛ ተጨመረና የግድቡ በሮች በዙ። ያን ጊዜ አገሪቱ የመብራት ጥማት ነበረባት፤ በፈረቃ የሚመጣ መብራት ያስታወሰ ሁሉ ያውቀዋል። ተርባይኑ ውሃ ጠየቀ፣ ሐይቁ ሰጠ፣ ዝናቡም በዚያው ሰሞን ተጓደለ። በ1995 ጣና ወረደ። የሐይቁ መርከቦች ያለ ችግር የሚሄዱት የውሃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,784.75 ሜትር ሳያንስ ነው፤ ያን ዓመት ከዚያ በታች ወረደና አራት ወር ያህል የመርከብ ጉዞ ቆመ። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ወደቦቹ አጠገብማ ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ ቦታ ሞልቷል። ግማሽ ሜትር ሲጎድል ጀልባ ደለል ትነካለች። በተጋለጠው የሐይቁ ወለል ላይ ገበሬው እርሻ አረሰ፤ ደንገሉ ደረቀ፤ ታንኳ ሠሪውም ተጎዳ።

ይህን ታሪክ ቆም ብሎ ማየት ደግ ነው። የአንድ ሐይቅ ውሃ ወይ መብራት ይሆናል ወይ መርከብ ያንሳፍፋል የሚል ምርጫ መጣ፤ መብራት አሸነፈ። በደብረ ማርቆስ ቤቱ አምፑል ያበራ ሰው ቁንዝላ ወደብ ላይ የቀረውን መንገደኛ አያውቀውም። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ፤ ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያሻግራል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ሱሉልታ የሚሄደው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር በጎጃም ደጋ ላይ ቋሚ የብረት ማማዎቹን ተከለ። የጤፍ ማሳ መሀል የቆሙት እነዚያ ማማዎች የሚሸከሙት የጣናን ውሃ ነው ቢባል ግነት የለበትም። ያው መስመር ግን ከሐይቁ ጀልባዎች አንዱንም አያንቀሳቅስም ነበር።

በ2004 ደግሞ ጣና ላይ እምቦጭ የሚባለው አረም መኖሩ በይፋ ታወቀ። አረንጓዴው ምንጣፍ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተንሰራፋ፤ ፕሮፔለር ውስጥ ሲገባ ይጠመጠማል፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ ጀልበኛው ሸሚዙን አውልቆ በቢላ ለመቁረጥ ውሃ ይገባል። ለዚህ በሽታ የኤሌክትሪክ ሞተርም መድኃኒት የለውም። ግን ልዩነት አለው፤ ሲታነቅ ኤሌክትሮኒክሱ ወዲያው ያቆመዋል፣ ወደ ኋላ አዙሮ ለማላቀቅም ማርሽ አያስፈልገውም።

ይህ ሲሆን ባትሪው ራሱ ሌላ ነገር ሆኗል። ሊቲየም ባትሪ በስልክ ተጀምሮ መኪና ላይ ደረሰ፣ ከመኪና ወደ መርከብ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖርዌይ ውስጥ ላቪክንና ኦፔዳልን በምታገናኘው መስመር ላይ አምፔር የምትባል መርከብ ሥራ ጀመረች። 80 ሜትር ርዝመት፣ 120 መኪና፣ 360 ሰው ትጭናለች፤ ጉዞው 5.7 ኪሎ ሜትር ሆኖ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ባትሪዋ 1 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ይዞ 10 ቶን ይመዝናል። ክብደቱን ለማካካስ አካሏን ከአሉሚኒየም ሠሩት። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ከመርከቡ ይልቅ ዳርቻው ነው። የሁለቱ ትንንሽ መንደሮች የመብራት መስመር ደካማ ነበር፤ መርከቧ በ10 ደቂቃ ውስጥ የምትፈልገውን ጉልበት በአንዴ ቢሰጧት የመንደሩ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ በየዳርቻው 260 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሌላ ባትሪ ተከሉ። እርሱ ቀስ ብሎ ከመስመሩ ሲጠባ ይቆያል፤ መርከቧ ስትደርስ በፍጥነት ይሰጣታል። ኖርዌይን የሚያህል ባለጸጋ አገር የገጠር መስመሩ ደካማ ከሆነ የቁንዝላ መስመር ቢደክም ምን ይደንቃል?

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሕንድ ኬረላ ውስጥ አዲትያ የምትባል 75 ሰው የምትጭን ጀልባ ጣራዋን በፀሐይ ሰሌዳ ሸፍና መመላለስ ጀመረች። በ2019 የዴንማርኳ ኤለን በ4,300 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ተነሣች፤ ሦስት ዓመት ቆይታ በአንድ ሙሌት 92 ኪሎ ሜትር ሄደች። ያ ርቀት ከባሕር ዳር ጎርጎራ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆ ይተርፋል። በ2025 ታዝማኒያ ውስጥ ውሃ የነካችው የኢንካት መርከብ 130 ሜትር ርዝመት ኖሯት ከ40 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ትይዛለች። ኬንያ ውስጥ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆች ባትሪና ሞተር በኪራይ እየወሰዱ ማታ ይወጣሉ፤ የባትሪውን ዋጋ በአንዴ ማን ይችለዋል የሚለውን ጥያቄ የመለሱት እንዲህ ነው። ውቅያኖስ የሚያቋርጠው የጭነት መርከብ ገና በባትሪ አይታሰብም፤ ሣምንታት የሚፈጅ ጉዞ የሚያስፈልገው ባትሪ ለጭነት ቦታ አያስቀርም። አጭር መስመር፣ ቋሚ ሰዓት፣ ሁልጊዜ አንድ ወደብ ላይ የሚያድር ጀልባ ግን ለባትሪ የተፈጠረ ነው። ሐይቅ ማለት ደግሞ ይኸው ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ መኪና ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። በዓለም እንዲህ ያለ እርምጃ ቀድማ የወሰደች አገር ኢትዮጵያ ናት። ምክንያቱ ከአየር ንብረት ይልቅ የውጭ ምንዛሪ ነበር፤ ናፍጣና ቤንዚን በዶላር ይገዛል፣ መብራት በብር። የተነገረው ስለ መኪና ነው። ጀልባ የሚያስታውስ አልነበረም፤ አስታዋሽ ማጣት ለጣና ልማዱ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ጣና ነሽ ሁለት መጣች። 38 ሜትር ርዝመት፣ 188 ሰው የመጫን አቅም፣ 150 ቶን ገደማ ክብደት ያላት ይህች ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ ብዙ ጎማ ባለው ተሽከርካሪ ላይ ተጭና በረሃውንና ተራራውን አቋርጣ ባሕር ዳር ገባች። በየከተማው ሕዝብ ወጥቶ አያት፤ በአስፋልት ላይ መርከብ ሲሄድ ማየት በየቀኑ አይገኝም። ማክሚላን ጀልባውን ፈታትቶ በእንስሳ ጀርባ ካመጣ ከ120 ዓመት በኋላ፣ አሁን ደግሞ ሙሉ አካሏን በጎማ ላይ። መንገዱ ያው ነው።

አሁን ሒሳቡን በባሕር ዳር ወደብ ልክ እናድርገው። ጠዋት ጀልበኛው በጀሪካን የመጣ ቤንዚን ግማሹ በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ወደ ታንከሩ ይሞላል፤ የፈሰሰችው ጠብታ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና ሠርታ ትሰፋለች። ማደያ ላይ ሰልፍ ካለ ጀሪካኑ ከጎን በእጥፍ ዋጋ ይገዛል፣ መንገደኛው ያን ዋጋ ይከፍላል። ወደ ዘጌ ሄዶ ለመመለስ ጥቂት ሰው የምትጭን ጀልባ 10 ኪሎዋት በሚጠባ ሞተር ሁለት ሰዓት ብትሠራ የሚያስፈልጋት 20 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ዛሬ በባሕር ዳር ጎዳና የምትሄድ አንዲት የቤት መኪና ከዚያ እጥፍ የሚሆን ባትሪ ይዛ ነው የምትዞረው። የጣና ጀልባ ደግሞ ጉዞዋ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ሐይቁ ይናወጣል። ከሰዓቱንና ሌሊቱን ወደብ ላይ ታስራ ትውላለች። ሌሊት ሕዝቡ ምድጃውን አጥፍቶ ሲተኛ መስመሩ ትርፍ አለው፤ ባትሪ ለመሙላት ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። መብራት የሚጠፋበት ቀን ስላለ ዳርቻው ላይ የኖርዌይ ዓይነት መጠባበቂያ ባትሪና የኬረላ ዓይነት የፀሐይ ሰሌዳ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በክልሉ ያለው የጸጥታ ችግር ጎብኚውን ባራቀበት በዚህ ጊዜ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከጀልበኛው ኪስ አይወጣም፤ ወይ የጀልበኞቹ ማኅበር ተበድሮ፣ ወይ ኪራይ የሚሰጥ አካል ቀርቦ መሆን አለበት።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋዋት፣ ከግድቡ በስተኋላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ። ንጋት ሐይቅ የተባለው ይህ ውሃ የጥንቱ ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ክፍል የነበረውን የመተከልን ቆላ ሸፍኖ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ኮረብቶቹ ደሴት ሆነዋል። ማክሚላንም ብላሽፎርድ ስኔልም የታገሉት የቋጥኝ ወንዝ በዚያ በኩል ጸጥ ያለ፣ ጥልቅ፣ ረጅም ሐይቅ ሆኗል። በጎጃም ወገን አባይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባ የሚሄድበት ሆነ።

ንጋት ከጣና የሚለየው በሁለት ነገር ነው። ጥልቅ ስለሆነ የባትሪ ክብደት ጀልባዋን ጥቂት ጣት ቢያሰጥማት የሚከፋ ነገር የለም። ጣና ላይ ግን አዲስ ጀልባ የሚያሠራ ሰው ከሁሉ በፊት በ1,784.75 ሜትር ውሃ ላይ ጭነቷን ይዛ ቁንዝላ መጠጋት መቻሏን ማስላት አለበት፤ በድርቅ ዓመት በለስ የሚወስደውንና መርከብ የሚፈልገውን ውሃ የሚያስታርቅ ሰነድም ከጀልባው ጋር አብሮ መጻፍ ይኖርበታል። ሁለተኛው ልዩነት፣ ንጋት ላይ ገና የተቋቋመ የናፍጣ ሥርዓት የለም። የማደያ ሰልፍ፣ የጀሪካን ነጋዴ፣ በናፍጣ ብቻ የሠለጠነ መካኒክ ገና ሥር አልሰደደም። ዓሣ አስጋሪው፣ ከደሴት ደሴት አመላላሹ፣ ጥናት የሚያካሂደው ባለሙያ አሁን የሚገዛት ሞተር ለሃያ ዓመት ልማዱን ትወስናለች። ከግድቡ የሚነሣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ሆለታ ያቀናል። ከሐይቁ ዳር ባሉት የዓሣ ማውረጃ ቦታዎች ላይ ቻርጅ የሚደረግበት አንድ ማከፋፈያ ለመትከል የሚያስፈልገው መስመር ከዚያ ሲነጻጸር እጅግ አጭር ነው፤ የመጀመሪያው ጨረታ የትኛውን ሞተር እንደሚጠይቅ ደግሞ በቅርቡ ይታያል።